በባሕር ዳር ሰርቪስ ክፍሎችን አዘጋጅቶ ለማከራየት፦ ሰነድ ከማጣራት እስከ ቁልፍ መረካከብ

«ግቢዬ ውስጥ አራት ክፍል ሰርቪስ ሠርቼ ባከራይ ያዋጣኛል ወይ? ከየትስ ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ ከዘመድም፣ ከሥራ ባልደረባም፣ በዕድር ድንኳን ሥር ከጎኔ ከተቀመጠ ሰውም ስለሚቀርብልኝ መልሱን አንድ ጊዜ በዝርዝር ጽፌ ማስቀመጥን መረጥሁ። መመሪያው በባሕር ዳር ከሁለት እስከ ስምንት የሚከራይ ክፍል ያለው ግቢ ለመግዛት፣ ወይም በራሳቸው ግቢ ለመሥራት ላሰቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ለሱቅና ለእንግዳ ማረፊያ አያገለግልም። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባል፤ ተከራይ ዕቃውን አስገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ግድግዳ መብሳት፣ መስመር መለወጥና ጉድጓድ መቆፈር እጅግ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው ሥራ ክፍሉ ባዶ ሳለ ማለቅ አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድና ፕላን፣ የዓመቱ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኝ
• የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፤ በወኪል የሚሠራ ከሆነ የውክልና ሰነድ
• ሜትር፣ ውኃ ልክ፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ የእጅ ባትሪ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
• ለእያንዳንዱ በር አዲስ ቁልፍ ከነመክፈቻዎቹ
• ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ንዑስ የመብራት ቆጣሪ
• ለመስኮቶች የትንኝ ወንፊት
• ኪራይ ብቻ የሚገባበት የተለየ የባንክ ሒሳብና አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር

ደረጃ 1፦ ሰነዱን ያጣሩ

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ እርስዎ የሚገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ሻጩ ካርታ ማሳየቱ ብቻውን አይበቃም። ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ፣ ይዞታው ነባር ይሁን ሊዝ፣ ሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ እንዳለው ከክፍለ ከተማው የመሬት ክፍል ይጠይቁ። የከተማ ቦታ ሊዝ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የሚመራ ሲሆን ቀሪ የሊዝ ክፍያ ያለበት ይዞታ ሲተላለፍ ዕዳው ቦታውን ተከትሎ ስለሚሄድ ከቤቱ ዋጋ ላይ መታሰብ ይኖርበታል። በዚያው ቤቱ በባንክ ብድር መያዙን ወይም በፍርድ ቤት መታገዱን በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ያመልክቱ፤ በቃል የተነገረ «ንጹሕ ነው» ኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚያ ሜትርዎን ይዘው ግቢውን ራስዎ ይለኩ። በካርታው 200 ካሬ ሜትር ተብሎ በአጥሩ ውስጥ 230 ካሬ ሜትር ቢያገኙ መደሰት የለብዎትም፤ ትርፉ ከመንገድ ወይም ከጎረቤት የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል በላዩ የተሠራው ሰርቪስ አንድ ቀን ይፈርሳል። በጣም የሚዘነጋው ነገር ደግሞ ፕላኑ ነው። ዋናው ቤት ፈቃድ ኖሮት ከጓሮ ያሉት ሰርቪሶች በፕላኑ ላይ የሌሉባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው፤ መንገድ ሲሰፋ ወይም ቦታው ለልማት ሲፈለግ ለእነዚህ ክፍሎች ካሳ መጠየቅ ያስቸግራል። ኪራዩ የሚመጣው ደግሞ ከእነሱ ነው። ወደ ጣና ዳርቻና ወደ ዓባይ ወንዝ የተጠጋ ቦታ ከሆነ ለጥበቃ ከተከለለው ውጭ መሆኑን በተጨማሪ ያረጋግጡ።

የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ይኑርበት። ቤቱን ከነተከራዮቹ የሚገዙ ከሆነ እያንዳንዱ ተከራይ ስንት ወር በቅድሚያ እንደ ከፈለ፣ ማስያዣ እንዳለውና ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ተከራዩም ሻጩም የፈረሙበት ወረቀት ይቀበሉ። አለበለዚያ ሻጩ የበላውን የሦስት ወር ኪራይ እርስዎ ሲጠብቁ ይከርማሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋጋው ከአካባቢው በግማሽ የሚያንስ፣ ካርታው «በሂደት ላይ» የሆነ ቤት ቢቀርብልዎ ቀብድ እንኳ አይክፈሉ። ጨረቃ ቤት ላይ የተከፈለ ገንዘብ የሚመለሰው በሻጩ መልካም ፈቃድ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን በአሥር ወር ይሥሩ

ብዙ ሰው ወርኃዊ ኪራዩን በ12 አባዝቶ ቤት ይገዛል። እርስዎ በ10 ያባዙ። አንድ ወር ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ለሚባክነው፣ ሌላው ወር ሳይከፈል ለሚቀረው ነው። ለምሳሌ ያህል አራት ክፍል እያንዳንዱ በ3,000 ብር ቢከራይ በወረቀት ላይ የዓመቱ ገቢ 144,000 ብር ነው፤ በአሥር ወር ሲታሰብ ግን 120,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለቀለምና ለጥገና 16,000፣ ጉድጓድ ለማስመጠጥ 6,000፣ ለቧንቧ፣ ለቁልፍና ለግቢ መብራት 8,000 ብር ቢወጣ በእጅ የሚቀረው 90,000 ብር ነው፤ ግብር ገና አልተነሳም። ክፍሎቹን ለመሥራት 1,000,000 ብር ያስፈለገ ከሆነ ግብሩን ሳይጨምር ገንዘቡ የሚመለሰው ከ11 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። የእርስዎን ቁጥሮች በዚህ መንገድ አስገብተው ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ከሚያስገኘው ወለድ ጋር ያስተያዩት።

ከኪራይ የሚገኝ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 «ሠንጠረዥ ለ» ሥር የሚወድቅ ነው፤ አዋጁ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለ ተሻሻለ በቆየ የግብር ሰንጠረዥ አያስሉ። ከከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ወስደው የራስዎን ግብር ቤቱን ከመግዛትዎ በፊት ያስሉ።

ደረጃ 3፦ ቤቱን በክረምት ይዩት

በመጋቢት የታየ ቤት ስለ ባሕር ዳር ምንም አይናገርም። የከተማው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ስለሆነ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሂዱ። በዚያች ሰዓት ውኃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ግቢው ውስጥ መቆሙንና የጎረቤት ፍሳሽ ወደ እርስዎ መምጣቱን በዓይንዎ ያያሉ። በበጋ ለመግዛት ከተገደዱ የግድግዳውን ታች ይመልከቱ፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ያለው ቀለም ተልጦ፣ ልስኑም በእጅ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ እርጥበት ከታች ይወጣል ማለት ነው። አዲስ ቀለም ከታች ብቻ የተቀባ ግድግዳ ደግሞ ሻጩ ይህንኑ ያውቃል ማለት ነው።

አፈሩ ዋልካ መሆኑን ሳያረጋግጡ ግንባታ አይጀምሩ። ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠ ቀላል ሰርቪስ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ግድግዳው ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ምልክቱ በጥር ወይም በየካቲት መሬት ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ መታየቱ ነው። መፍትሔው ጥቁሩን አፈር ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቆፍሮ ማውጣት፣ በሰሌክት (ውኃ ሲጠጣ በማያብጥ የተመረጠ የመሙያ አፈር) መሙላትና እያጠጡ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ ነው። ቁፋሮው ወጪ ይጨምራል፤ ነገር ግን እኔ በመጀመሪያው ግንባታዬ ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ ቆጥቤ በሦስተኛው ዓመት ሁለት ግድግዳ አፍርሼ ሠርቻለሁ፣ ያን ጊዜም ተከራዮቼ ወጥተው ነበር።

ቀጥለው ምስጥ ይፈልጉ። የጭቃ ቤት ከሆነ በግድግዳው ሥር፣ በበር መቃኖችና በኮርኒሱ ጥግ እንደ ክር የተዘረጋ የጭቃ መንገድ ካዩ ምስጥ ከመሬት ወደ እንጨቱ እየተመላለሰ ነው። እንጨቱን በመዶሻ መታ መታ ያድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተበልቷል። አዲስ የሚሠሩ ከሆነ መሠረቱን በድንጋይ ከመሬት ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ የባሕር ዛፍ ማገር አፈር አይንካ። ምስጡ መንገዱን በድንጋዩ ላይ ለመሥራት ቢሞክር እንኳ ለዓይን ስለሚጋለጥ በጊዜ ይጠረጋል።

ደረጃ 4፦ ክፍሉን ተከራይ ሳይገባ ያዘጋጁ

4.1 ጣሪያ። ቆርቆሮው የተመታበት ሚስማር ጎማው ያላረጀ፣ አሸንዳውም በቅጠል ያልተደፈነ መሆኑን ወጥተው ያረጋግጡ። ኮርኒስ ላይ ክብ ቢጫ ዕድፍ ካለ ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ቀዳዳውን ይድፈኑ፤ ዕድፉ በቀለም ላይ ተመልሶ ይመጣል።

4.2 መብራት። በአከራይና በተከራይ መካከል እንደ ጋራ ቆጣሪ ጠብ የሚያነሳ ነገር አላየሁም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ስለሆነ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ለየብቻው ቢሆን ይከፍለው ከነበረው በላይ ይከፍላል። በዚያ ላይ ሒሳቡ በሰው ቁጥር ሲከፋፈል አንዱ «ጋሼ፣ ወሩን ሙሉ ጎንደር ነበርሁ፣ እንዴት እኩል እከፍላለሁ?» ይላል፤ ሌላዋ «እትዬ፣ እኔኮ ምጣድ የለኝም» ትላለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚቻል ከሆነ ለየክፍሉ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ቆጣሪ ያስገቡ፤ ካልተቻለ ግን በዋናው ቆጣሪ ሥር ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገጥመው ንባቡን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ከተከራዩ ጋር ሆነው ይመዝግቡ። ዋናው ሒሳብ በንዑሶቹ ንባብ መጠን ይከፋፈላል፤ የግቢው መብራትና የውኃ መሳቢያው የሚጠቀሙት ልዩነት በእርስዎ ላይ ይቀራል።

መስመሩንም ይመልከቱ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲታሰብ 16 አምፒር ማለት ነው። ሁለት ተከራዮች ቅዳሜ ጠዋት አብረው ሲጋግሩ 32 አምፒር በአንድ ቀጭን ሽቦ ያልፋል፤ ሽቦው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም የሚነሳው ከዚህ ነው። ለምጣድ የተለየ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5፣ ለአምፖል 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ያስዘርጉ። ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ መስመር) መኖሩን ባለሙያው በመሣሪያ ለክቶ ያሳይዎ።

ማስጠንቀቂያ፦ ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ ብሬከር መቀየር ክልክል ነው። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦውን ለማዳን ስለሆነ መለወጥ ያለበት ሽቦው ነው።

4.3 ውኃ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ወይም በመቆራረጥ ስለሚመጣ ማጠራቀሚያ ሮቶ ያስፈልጋል። አንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ይጠቀማል ብለን ብንይዝ ስምንት ሰው ያለበት ግቢ 320 ሊትር ይፈልጋል፤ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሦስት ቀን ያቆያል። ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚመዝን በእንጨት ማማ ላይ አይስቀሉት። ግቢው ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ካለ ለልብስና ለወለል ብቻ ይሁን፤ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድና የመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራራቅ ሲኖርባቸው በ200 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ ይህ አይገኝም፣ የጎረቤትንም መጸዳጃ መቁጠር አለብዎ።

4.4 መጸዳጃ። ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ በተጠጉ ዝቅተኛ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውኃ በክረምት ወደ ላይ ስለሚቀርብ ያልተገነባ ጉድጓድ ከሰው ቆሻሻ ቀድሞ በውኃ ይሞላል። ግድግዳው በግንብ የተሠራና የተለሰነ፣ ሁለት ክፍል ያለው ሴፕቲክ ታንክ ይሻላል። ክዳኑ የሚከፈት ይሁን፤ የፍሳሽ መኪናው ቱቦ ከመንገድ እስከ ጉድጓዱ መድረሱንም ከግንባታው በፊት ይለኩ። በሊሾ የተደፈነ ክዳን ለማግኘት ወለል ሲቆፈር ያየ ሰው ይህን ምክር አይረሳውም።

4.5 መስኮት። የጣና አካባቢ ወባ ያለበት በመሆኑ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትንኝ ስለሚበዛ፣ የመስኮቱን ወንፊት እንደ በርና እንደ ጣሪያ ይቁጠሩት። መስኮቱ የሚከፈት፣ ከላይም የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ ያለው ይሁን። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ይህን ለተከራይ በቃል ይንገሩ፣ ለማብሰያም ከክፍሉ ውጭ የተከደነ ቦታ ይስጡ።

ደረጃ 5፦ ኪራዩን ይተምኑ

በአንድ ሰፈር ውስጥ ቢያንስ አምስት ተመሳሳይ ክፍሎችን እንደ ተከራይ ሆነው ይጠይቁ፤ ደላላ የሚነግርዎ ዋጋ የሚጠየቀውን እንጂ የሚከፈለውን አያሳይም። ቀጥለው ቤትዎ ለማን እንደሚመች ይወስኑ። «ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) አጠገብ ስለ ሆነ ተማሪ ይሞላዋል» የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ መደበኛ የቅድመ ምረቃ ተማሪ የሚያድረው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለሆነ የእርስዎ ተከራይ ይልቁንም ሠራተኛ፣ የድኅረ ምረቃ ወይም የግል ኮሌጅ ተማሪ ነው። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም በአዴት መንገድ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚመላለሱ ባለሙያዎች ሌሊት ተረኛ ስለሚሆኑ ከዋጋው ይልቅ ባጃጅ ማግኘታቸውንና የግቢው በር ሌሊት መከፈቱን ይጠይቃሉ። ዓባይ ማዶ ያለ ቤት በ2016 አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ለመሀል ከተማ ሠራተኛ ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ከአስፋልት እስከ ቤቱ ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ ከሆነ ዋጋው ዝቅ ይላል።

ክፍሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተያዘ 200 ብር ይቀንሱ። የ3,000 ብር ክፍል አንድ ወር ባዶ ቢቆይ የሚታጣው ገንዘብ በወር 200 ብር ቀንሶ ለ15 ወር ከማከራየት ጋር እኩል ነው።

ደረጃ 6፦ ተከራይን ይምረጡ

የመታወቂያ ወይም የፋይዳ ቅጂ፣ የሥራ ወይም የትምህርት ቦታ ማስረጃ፣ ቀድሞ የተከራየበት ቤት አከራይ ስልክና አንድ ዋስ ይጠይቁ። የቀድሞውን አከራይ ደውለው «በወሩ ስንተኛው ቀን ይከፍል ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ «ጥሩ ሰው ነው?» ለሚለው ሁሉም አዎን ይላል። ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም ጋብቻን መመዘኛ አያድርጉ፤ የኪራይ አከፋፈልን አያሳዩም። ስንት ሰው እንደሚኖር ግን ይወስኑ፤ ውኃውና መጸዳጃው የተሰላው በሰው ቁጥር ነው።

ዘመድ ከሆነም ደረጃ 7ን አይዝለሉ። «ከሱ ጋር ውል እንዴት ይባላል» ያሉ ሰዎች ኋላ ላይ ኪራዩንም ዘመዱንም አጥተዋል።

ደረጃ 7፦ ውሉን ይጻፉ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲደረግ፣ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ደንግጓል። የኪራይ ጭማሪም አከራይ በፈለገው ጊዜና መጠን የሚያደርገው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መሠረት የሚፈጸም ነው። ስለዚህ «ለስድስት ወር እንሞክረውና እጨምራለሁ» በሚል ስሌት ዝቅ ባለ ኪራይ አይጀምሩ፤ በደረጃ 5 የተመኑትን ትክክለኛ ዋጋ ከመጀመሪያው ይጻፉ። በከተማው ምዝገባውን የሚያከናውነው የትኛው ክፍል እንደሆነ ከቀበሌዎ ይጠይቁና ውሉ በተፈረመ ሳምንት ያስመዝግቡ።

በውሉ ውስጥ ሳይጻፉ መቅረት የሌለባቸው፦ የተከራይና የአከራይ ሙሉ ስምና አድራሻ፤ የክፍሉ ቁጥር፤ ኪራዩና የሚከፈልበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ የሚኖረው ሰው ብዛት፤ መብራትና ውኃ በየትኛው ንባብ እንደሚከፈል፤ ተከራይ ለሌላ ማከራየት መቻሉ ወይም አለመቻሉ፤ ትንሹን ጥገና (አምፖል፣ ቧንቧ ራስ) ማን፣ ትልቁን (ጣሪያ፣ ዋና መስመር፣ ጉድጓድ) ማን እንደሚሠራ፤ ማስያዣው በምን ሁኔታ እንደሚመለስ። ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን ሲያከራዩ ሁለቱም ይፈርሙ። ሁለት ምስክር ይኑር፤ ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ።

ከገበያ የሚገዛ ባዶ ፎርም መጠቀም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ባዶ የቀሩትን መስመሮች ሁሉ ይሰርዙባቸው። ከፊርማ በላይ የቀረ ባዶ ቦታ በኋላ ሊሞላ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ክፍሉን በፎቶና በቆጣሪ ያስረክቡ

በርክክቡ ቀን ከተከራዩ ጋር ሆነው የአራቱን ግድግዳ፣ የወለሉን፣ የኮርኒሱን፣ የበሩንና የመስኮቱን ፎቶ ያንሱ፤ ወዲያውኑም ለእርሱ ይላኩለት፤ የተላከበት ቀን ስልኩ ላይ ስለሚቀር ክርክር ያጥራል። የመብራቱንና የውኃውን ንባብ በውሉ ጀርባ ጽፈው ሁለታችሁም ይፈርሙበት። የበሩን ቁልፍ ይቀይሩ፤ የቀድሞው ተከራይ መክፈቻውን ቢመልስም ቅጂ ማስቀረጹን ማወቅ አይቻልም፣ ዕቃ ከጠፋም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እርስዎ ነዎት። ለራስዎ መለዋወጫ የሚያስቀሩ ከሆነ ለተከራዩ ይንገሩ፤ ከእሳትና ከውኃ አደጋ በቀር ሳያስታውቁ ክፍሉን እንደማይከፍቱም በውሉ ያስፍሩ። ከዚያ ብሬከሩንና የውኃ መዝጊያውን አሳይተው ራሱ እንዲዘጋና እንዲከፍት ያድርጉ።

ደረጃ 9፦ ወሩንና ዓመቱን ይከታተሉ

ኪራይ ወደ ተለየው ሒሳብ ብቻ ይግባ። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ኪራይ ለግብርም ለክርክርም ማስረጃ ስለማይኖረው ተከራዩ ብሩን ይዞ በር ላይ ቢቆምም ወደ ባንክ ወይም ወደ ስልክ ክፍያ ይምሩት። በደብተሩ ላይ አራት ዓምድ በቂ ነው፦ ቀን፣ ክፍል፣ የገባ፣ የወጣ። የጥገና ደረሰኞችን ደብተሩ ውስጥ ይለጥፉ፤ የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋና ሐምሌ ሲብት የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።

በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አሸንዳ ያስጠርጉ፣ የቆርቆሮ ሚስማር ያስጠብቁ፣ ጉድጓዱ ከግማሽ ካለፈ ያስመጥጡ። የሐምሌ ሙላት ጉድጓድን ከሞላ በኋላ የፍሳሽ መኪና ፈላጊው ስለሚበዛ ወረፋው ይረዝማል፤ መኪናውም በጭቃ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በጥቅምት ደግሞ የምስጥ መንገድና የግድግዳ ስንጥቅ ይፈትሹ።

ተከራይ የጥገና ጥያቄ ሲያቀርብ ሥራው የሚጀመርበትን ቀን በዕለቱ ይንገሩት። የምታንጠባጥብ ቧንቧ የአንድ መቶ ብር ሥራ ሆና ሳለ፣ መልስ ያጣ ተከራይ ግን ኪራዩን ማዘግየት የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ደረጃ 10፦ ተከራይ ሲወጣ

የመጨረሻው ወር ኪራይ በማስያዣው ይቻቻል የሚል ስምምነት አይቀበሉ፤ ማስያዣው የተቀመጠው ጉዳት ከታየ በኋላ ለመቁረጥ ስለሆነ አስቀድሞ ከተበላ ምንም አይቀርም። ዕቃው ከወጣ በኋላ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ የርክክቡን ፎቶዎች ከፍተው ክፍሉን አብረው ይመልከቱ። በኑሮ የሚመጣ መጎሳቆል (የደበዘዘ ቀለም፣ የተፋቀ ሊሾ) የእርስዎ ወጪ ነው፤ የተሰበረ መስታወትና የተነቀለ ሶኬት የእርሱ። የሚቆረጠውን በዝርዝር ጽፈው ቀሪውን በባንክ ይመልሱለት።

ሲደጋገሙ የማያቸው ስሕተቶች

ሀ) ዕዳ ሲበዛ መብራትና ውኃ መቁረጥ፣ ወይም በር ላይ ሌላ ቁልፍ ማንጠልጠል። አከራይ ባለመብት ሆኖ ሳለ ተከሳሽ የሚሆነው በዚህ ነው። ትክክለኛው መንገድ ቀን ያለበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ውሉን የመዘገበው አካል፣ ካልተቻለም ፍርድ ቤት ነው።

ለ) በውሉ ላይ አነስተኛ ኪራይ ጽፎ ትክክለኛውን በእጅ መቀበል። ተከራዩ በስድስተኛው ወር «በውሉ መሠረት» የተጻፈውን ብቻ መክፈል ቢጀምር የሚያስገድዱበት ወረቀት አይኖርዎትም፤ የግብሩ ጥፋት ደግሞ በእርስዎ ላይ ነው።

ሐ) ክፍል ለማብዛት ሲባል ሦስት በሦስት የሆነውን ክፍል በኮምፔንሳቶ ሁለት ማድረግ። ሁለቱም ክፍሎች የሚይዙት ተከራይ ሌላ ቤት እስኪያገኝ ብቻ ነው፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ቀለም ያስቀባሉ።

መ) የግቢ ሕግ ተከራይ ከገባ በኋላ ማውጣት። በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ የእንግዳ ማደር፣ የልብስ ማስጫ ቦታና የምጣድ ተራ በውሉ አባሪ ሆኖ ከመፈረሙ በፊት ይነበብ።

ሠ) የንዑስ ቆጣሪውን ንባብ ተከራዩ ከወጣ በማግሥቱ መውሰድ። አዲሱ ተከራይ በዚያው ቀን ዕቃ አስገብቶ ምጣድ ከሰካ የማን ፍጆታ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ንባቡ የሚጻፈው የወጪው ተከራይ ቁልፍ በእጅዎ ሲገባ፣ እርሱ እዚያው ቆሞ ሳለ ነው።